ከጥገና የወጣ መኪና ነዳጅ የማያፈስ መሆኑን ስለ መመርመር

አንድ ነጋዴ የጭነት መኪናውን ከጋራዥ ሲረከብ ዘወትር የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሞተሩ መነሣት፥ ሁለተኛው የሒሳቡ ልክ ነው። ሞተሩ ከተነሣ፥ ሒሳቡም ከተስማማ፥ ቁልፉን ተቀብሎ መኪናውን ወደ መጋዘኑ ያስነዳል፤ ጭነቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይጫናል። ሦስተኛው ነገር ግን ይዘነጋል። እርሱም ለጥገና ተፈትቶ የነበረው የነዳጅ መንገድ በሚገባ መገጠሙንና ከሰልባትዮው እስከ ሞተሩ ድረስ አንዲት ጠብታ እንኳ የማያፈስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ለማስረዳት ያህል፥ አንድ ቡና ላኪ መኪናው የናፍታ ፊልትሮ ተለውጦለት ከቀትር በኋላ ከጋራዥ ወጣለት እንበል። ማታውን ተጭኖ በማግሥቱ ማለዳ የጅቡቲን መንገድ ያዘ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ከላይኛው መቀመጫ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሮ፥ መካኒኩ ሳያስተውለው አዲሱን ፊልትሮ ከነቀለበቱ በላዩ ላይ አጠበቀው። ሞተሩ በጋራዡ ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሲሠራ ምንም አላንጠባጠበም። አዋሽን አልፎ ሙቀቱና ንቅናቄው ሲበረታ ግን ተደራርበው የነበሩት ቀለበቶች ተንሸራተቱ፤ ናፍታውም ወደ ጋለው የጭስ ማውጫ ይረጭ ጀመር። ሹፌሩ ሽታውን ቶሎ ካወቀ ያቆማል፤ ካላወቀ ግን መኪናውም ጭነቱም ምናልባትም የሰው ሕይወት ጭምር ይጠፋል። ይህን ሁሉ ለማዳን ያስፈልግ የነበረው አሮጌው ቀለበት መውጣቱን ማየትና መኪናው ከመጫኑ በፊት ጥቂት ሰዓት መታገሥ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ማናቸውም ባለ መኪና ሊያስታውሰው የሚገባው ደንብ ይህ ነው፤ የነዳጅ መንገዱ የተነካ መኪና ተጠገነ የሚባለው ሞተሩ በተነሣ ጊዜ አይደለም። ቀዝቅዞ ሳለ፥ ሞቆ ሳለና ሰልባትዮው ሞልቶ ሳለ ታይቶ፥ በሦስቱም ጊዜ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ጥገናው ስለ ምን የመፍሰስ ምክንያት ይሆናል

ነዳጅ ከሰልባትዮ ተነሥቶ በቧንቧና በጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮ፥ ከዚያም በፖምፓ ተገፍቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ትርፍ ነዳጅ በመመለሻ ቧንቧ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ መጋጠሚያዎች አሉ። አንዱ በጎማ ቀለበት፥ አንዱ በመዳብ ሮንዴላ፥ አንዱ ደግሞ በጎማ ቱቦና በማሠሪያ ፋሸታ ይያዛል። እነዚህ ነገሮች በጠበቁ ጊዜ ተጨምቀው የመጋጠሚያውን ቅርጽ ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ከተፈቱ በኋላ ግን በዚያው ልክ ተመልሰው መቀመጣቸው የማይታመን ነው። የተጨመቀው መዳብ ጠንክሯል፤ ጎማውም ጠፍጥፏል ወይም ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ለዓመታት ሳያፈስ የኖረ መጋጠሚያ፥ ከተነካ በኋላ ሊያፈስ ይችላል።

ከዚህም በቀር ነዳጁ የሚገፋበት ኀይል እንደ መኪናው ዐይነት እጅግ ይለያያል። አሮጌው ባለ ካርቡራተር የቤንዚን መኪና የሚሠራው ከግማሽ ባር በማይበልጥ ግፊት ነው። ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጨው የቤንዚን መኪና ብዙውን ጊዜ 3 እስከ 4 ባር ይጠቀማል፤ ይህም በአንድ አውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ካለው አየር የሚበልጥ ግፊት ነው። ኮመን ሬል የተባለው የዘመኑ የናፍታ አሠራር ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍሉ 1,600፥ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለአሮጌው መኪና ይበቃ የነበረው የጎማ ቱቦና የእጅ ልማድ ለአዲሱ አይበቃም።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች ዕድሜ የሚራዘመው በጥገና ስለሆነ፥ አንድ መኪና የነዳጅ መንገዱ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜም ይገጠማል።

የሚደርሰው ጉዳት

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶው አንድ ተኩል ያህሉ ብቻ የቤንዚን ተን ቢሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተንፏቆ ወደ ጋራዥ ጉድጓድና ወደ መጋዘን ጥግ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቤንዚኑ በፈሰሰበት ቦታ እሳት የለም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የተለኮሰ የከሰል ምድጃ ወይም የሲጋራ እሳት ሊደርስበት ይችላል።

ስለ ናፍታ ብዙ ሰዎች «ቶሎ አይቀጣጠልም» ይላሉ። በመሬት ላይ ቀዝቅዞ ለተኛ ናፍታ ይህ እውነት ነው፤ ሊቀጣጠል የሚችል ተን የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነውና። ነገር ግን ናፍታ ያለ ብልጭታ በሙቀት ብቻ በራሱ የሚነድበት ልክ ከቤንዚን ያነሰ ሲሆን፥ እርሱም ከ200 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ያለ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የተጫነ መኪና የጭስ ማውጫውና የቱርቦው ብረት ከ400 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ ብረት ላይ የተረጨ ናፍታ ክብሪት አያስፈልገውም።

እሳት ባይነሣ እንኳ ኪሳራው አይቀርም። 30 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ብንቆጥር፥ በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ የምታፈስ መጋጠሚያ በሰዓት 120 ሚሊ ሊትር፥ በቀንና በሌሊት 3 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ በ30 ቀን ውስጥም ከ86 ሊትር በላይ ታባክናለች። ባለ መኪናው ይህን ነዳጅ ገዝቶ በመንገድ ላይ አፈሰሰው ማለት ነው። ቡና ለሚልክ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለበት። ቡና የሌላውን ነገር ሽታ ወደ ራሱ የሚስብ ዕቃ ስለሆነ፥ ናፍታ በነካው ወይም የናፍታ ተን በታፈነበት ቦታ ያደረ ጆንያ በጣዕም ምርመራ ጊዜ ይገለጣል። የገዢውን እምነት ያጣ ላኪ የጠፋውን ነዳጅ ዋጋ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ኃላፊነቱም የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፥ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ጥፋቱ የመካኒኩ ነው» የሚለው ቃል በባለቤቱና በጋራዡ መካከል የሚታይ ክርክር እንጂ፥ ቤቱ ወይም ሱቁ ለተቃጠለበት ሰው መልስ አይሆንም።

አንደኛ፤ ቀዝቅዞ ሳለ የሚደረግ ምርመራ

መኪናው በገላጣና በጠፍጣፋ ቦታ ይቁም። በአጠገቡ የሚያጨስ ሰው ወይም የሚነድ እሳት እንዳይኖር፥ ለነዳጅ እሳት የሚሆን ባለ ደረቅ ዱቄት የእሳት ማጥፊያም በእጅ እንዲገኝ ያስፈልጋል። የነደደ ነዳጅ በውሃ አይጠፋም፤ ውሃው እሳቱን ተሸክሞ ያሰፋዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተነካው መጋጠሚያና ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የምርመራው መሠረት እርሱ ነው። በጥገና ጊዜ የፈሰሰ ነዳጅ በሞተሩ ላይ ከቀረ አሮጌው እርጥበት ከአዲሱ አይለይም። መካኒኩም «የቀድሞው ነው» ሲል ማንም ሊቃወመው አይችልም።

የነዳጅ ፖምፓው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤንዚን መኪና ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ መክፈት ይገባል። በብዙ መኪኖች ላይ ፖምፓው ሁለት ሰኮንድ ያህል ሠርቶ ያቆማል። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ቧንቧውን በግፊት ይሞላዋል፤ ፍሳሽም ካለ ሞተሩ ሳይግልና ብልጭታ ሳይኖር ይታያል። የናፍታ መኪና ሲሆን በፊልትሮው አጠገብ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር መጫን፥ በመንገዱ ውስጥ የገባውን አየር በደንቡ ማስወጣት፥ ከዚያም እያንዳንዱን መጋጠሚያ መመልከት ነው።

ማየት የሚገባው በእጅ ባትሪ ብርሃን ነው። ክብሪትና ሻማ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዐይን በማይደርስበት ቦታ ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት ከመጋጠሚያው በታች ማሳለፍ ይጠቅማል፤ ከረጠበ ወዲያው ይታወቃል። ሶፍቱ ይሸተት እንጂ ማንም ሰው አፍንጫውን ከሞተሩ አስጠግቶ ተኑን እንዳይስብ፥ ፈሳሹንም እንዳይቀምስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ሞቆ ሳለ የሚደረግ ምርመራ

ይህ ሁሉ ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ይነሣና ሳይረገጥ በሚኒሞ አሥር ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ መጋጠሚያዎቹም እንደገና ይታዩ። ከዚያ ጥቂት እየተረገጠ፥ ሰውም ከማራገቢያውና ከቀበቶው ርቆ ምርመራው ይደገም። በሚኒሞ የማይታይ ፍሳሽ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ሊገለጥ ይችላል።

በዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በናፍታ ሞተር ላይ ከፍተኛ ግፊት ባለው ቧንቧ አካባቢ ፍሳሽን በእጅ ዳብሶ መፈለግ ክልክል ነው። በእንዲህ ያለ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ከክር የቀጠነና ለዐይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳን ወግቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጥ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ጣትን ወይም እጅን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ ስለሆነ፥ የተመታ ሰው ሕመም ባይሰማው እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ስለዚህ በሩቅ የሚያዝ ካርቶን ይቅረብለት እንጂ እጅ አይቅረብ። ሞተሩ እየሠራም የዚህ ቧንቧ ቡሎን አይነካ፤ የሚፈታውም የሚጠብቀውም ሞተሩ ቆሞ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መኪናው ሳይጫን 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ይነዳ። ቢቻል ከአስፋልት ወጣ ብሎ ወጣ ገባ መሬት ይርገጥ፤ በደንብ ያልጠበቀ ፋሸታ የሚታወቀው በንቅናቄ ነውና። ሲመለስም ወዲያው ይታይ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ዳግመኛ ይታይ። የቆመ ሞተር ሙቀቱ ወዲያው አይወርድም፤ ማራገቢያውና የመንገዱ ነፋስ ስለቀሩ በኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጊዜው እንዲያውም ይጨምራል። ሞቆ የለሰለሰ ጎማ ድክመቱን የሚገልጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ ሰልባትዮው ሞልቶ ሳለ የሚደረግ ምርመራ

ከሰልባትዮው ውስጥ ፖምፓ ወይም የነዳጅ መጠን ጠቋሚ ወጥቶ የነበረ እንደሆነ ግማሽ ነዳጅ ባለው ሰልባትዮ መመርመር ከንቱ ነው። የእነዚህ ክዳን በብዙ መኪኖች ከላይ ስለሆነ ነዳጁ እስከዚያ ካልደረሰ አያፈስም። መኪናው በጋራዥ ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ ባለቤቱ ለረጅም መንገድ እስከ አፉ ባስሞላው ቀን ግን ከላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ የሰልባትዮ ሥራ የተሠራለት መኪና በአቅራቢያው ባለ ማደያ ተሞልቶ፥ ጥቂት መንገድ ተነድቶ፥ ተመልሶ መታየት አለበት። የመሙያው አፍ ክዳንና ተኑ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎችም አብረው ይመርመሩ።

በመጨረሻ ማታ መኪናው ከመቆሙ በፊት ንጹሕ ካርቶን በሞተሩና በሰልባትዮው ሥር ይነጠፍ፤ ጧትም ይነበብ። ሽታ የሌለው ንጹሕ ውሃ የአየር ማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል። ናፍታ ቅባት ያለው ነጠብጣብ ሆኖ ይቆያል፤ በሞተሩም ላይ አቧራ እየሰበሰበ ጥቁር እድፍ ይሆናል። ቤንዚን ግን ቶሎ ስለሚተን በካርቶኑ ላይ ደብዛዛ ምልክት ብቻ ሊተው ይችላል፤ ለእርሱ ከዐይን ይልቅ ሽታው ይመሰክራል።

የማያንጠባጥብ ፍሳሽ

መሬቱ ደረቅ ሆነ ማለት ሁልጊዜ ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም። በብዙ የናፍታ መኪኖች ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ነዳጁ የሚሄደው እየተሳበ ነው። በዚህ ክፍል የላላ መጋጠሚያ ናፍታ ከማውጣት ይልቅ አየር ያስገባል። ምልክቱም ጧት ሞተሩ በግድ መነሣቱ፥ ተነሥቶም መጥፋቱ፥ በዳገት ላይ ጉልበት ማጣቱ ነው። ለሙከራ በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገባ የአየር አረፋው ሲያልፍ ይታያል።

ሌላው ስውር ፍሳሽ ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚሆነው ነው። በደንብ የማይዘጋ ኢንጀክተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር ያንጠባጥባል፤ ነዳጁም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከጥገናው በኋላ ዘይቱ ከፍ ማለቱን ካሳየ፥ ዘይቱም ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ መኪናው መነዳት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋልና። መካኒኩ የግፊት መለኪያ ገጥሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆየቱን ማየት ይችላል። መርፌው ቶሎ ከወረደና በውጭ እርጥበት ከሌለ ምክንያቱ በውስጥ ይፈለጋል።

በልማድ የሚደረጉ ስሕተቶች

የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ሲገኝ ቡሎኑን በኀይል መጨመር የብዙዎች ልማድ ነው። ቀለበቱ የተበላሸ ከሆነ ግን መጨመሩ ጥርሱን ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም፤ ተፈትቶ አዲስ ሮንዴላ ወይም ቀለበት መግባት አለበት። ፋሸታም ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። መጋጠሚያን በማስቲሽ መለጠፍ፥ በላስቲክና በገመድ ማሠርም ጥገና ሊባል አይችልም። የተቀዳ ሰልባትዮ በሳሙና መድፈን ለመንገድ ላይ ችግር መውጫ ነው እንጂ በማግሥቱ ጭነት ሊጫንበት የሚገባ ሥራ አይደለም።

ስለ ሰልባትዮ ብየዳ ደግሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። ነዳጁ የተቀዳለት ሰልባትዮ ባዶ አይደለም፤ በተን የተሞላ ነው። ስለሆነም ለብየዳ እሳት ከሙሉው ይልቅ ባዶው ሊያስፈራ ይገባል። ከመኪናው ሳይወርድ፥ በሚገባ ሳይታጠብና ተኑ ተጠርጎ ሳይወጣ እሳት የሚያስጠጋ ሠራተኛ ሕይወቱን በገዛ እጁ ለአደጋ ያቀርባል። ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው በርካሽ ዋጋ የሚሰጥ ባለ መኪናም ከበደሉ ነጻ አይሆንም።

የማይስማማ መለዋወጫ የሚያመጣው መዘዝ

የተቀየረው ዕቃ በቦታው ገብቷል ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከጎረቤቱ ጋር አለመፋተጉም መታየት አለበት። ንዝረት ባለበት ቦታ ሁለት ቧንቧዎች ከተነካኩ አንዱ ሌላውን ይሞርደዋል። ለዚህ ምስክር የሚሆን ከመኪና የራቀ፥ ነገር ግን በዓለም የታወቀ ነገር አለ። ነሐሴ 18 ቀን 1993 ዓ.ም. የካናዳው ኤር ትራንሳት ኤርባስ 330 አውሮፕላን 306 ሰዎች ይዞ ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን ሲበር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ከጠፉ በኋላ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፍፈው በአዞር ደሴቶች በላጄስ አሳረፉት፤ ከሰዎቹም አንድ አልሞተም። ሲመረመር ከጥቂት ቀናት በፊት አንደኛው ሞተር በተለወጠ ጊዜ ከሞተሩ ዐይነት ጋር የማይስማማ ዕቃ ተገጥሞ ነበር። በዚህ ምክንያት የነዳጁ ቧንቧና የሃይድሮሊኩ ቧንቧ ሲፋተጉ የነዳጁ ቧንቧ ተሰነጠቀ። በሠለጠኑ መካኒኮች እጅ ባለ አውሮፕላን ላይ የደረሰ ነገር በጭነት መኪና ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ይህ አስመጪውንና ባለ ሱቁን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ የጎማ ቱቦ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያስገባው ቱቦ ለውሃ፥ ለናፍታ ወይስ ለቤንዚን የተሠራ መሆኑን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ለራዲያተር ውሃ የተሠራ ጎማ ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ይቀደዳል። ለነዳጅ ከተሠሩትም መካከል ልዩነት አለ። ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 30 አር 7 የሚል ምልክት ያለበት ለዝቅተኛ ግፊት ሲሆን፥ አር 9 የሚለው ለኢንጀክተር መኪና ከፍ ያለ ግፊት የተሠራ ነው። ይህ ምልክት በቱቦው ገላ ላይ የሚታተም ስለሆነ ትእዛዝ ሲጻፍ መጥቀስ፥ ዕቃው ሲደርስም መመልከት አያስቸግርም። ጎማ በመደርደሪያ ላይም ያረጃል፤ በፀሐይ የተሰቀለ ቱቦ ሳይሸጥ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጥ፤ ፊልትሮ ሲሸጥም ቀለበቱና ሮንዴላው አብሮ መኖሩ ይታይ። የመዳብ ሮንዴላ ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው፤ ደንበኛው ባለመጠየቁ ሳይሰጠው ቀርቶ ለሚደርሰው ጉዳት ግን ዋጋ ሊተመንለት አይችልም።

በርክክብ ጊዜ የሚያስፈልግ ጽሑፍ

ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይኖራል። ስለዚህ ባለ መኪናው ገና መኪናውን ለጋራዥ ሲሰጥ፥ የነዳጅ መንገዱ የሚነካ ከሆነ ምርመራው የሥራው ክፍል መሆኑን በሥራ ማዘዣው ላይ ማስጻፍ አለበት። ሲረከብም በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተለው ይሞላ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፥ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፤ የተፈቱት መጋጠሚያዎች፤ የተለወጡት ቀለበቶች፥ ሮንዴላዎችና ቱቦዎች፤ መኪናው ቀዝቅዞ፥ ሞቆና ሞልቶ የታየበት ሰዓት፤ የመርማሪው መካኒክና የተረካቢው ሹፌር ስምና ፊርማ። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎችም ለባለቤቱ ይመለሱ። አሮጌው ቀለበት በእጅ ከገባ ከአዲሱ በታች አልቀረም ማለት ነው።

ይህ ወረቀት ለባለቤቱ መከታ ነው፤ ጉዳት ቢደርስ ከኢንሹራንስም ሆነ ከጋራዡ ጋር ሲነጋገር ባዶ እጁን አይቀርብም። ለጠንቃቃው መካኒክም መከታ ነው፤ የሠራውን በሚገባ መሥራቱን ይመሰክርለታልና። ሹፌሩም ያልታየ መኪና ይዞ እንዲወጣ ሲገደድ «ወረቀቱ አልተሞላም» ብሎ እምቢ የሚልበት ኀይል ያገኛል። በእሳቱ አጠገብ የሚቀመጠው እርሱ ስለሆነ ይህ መብት ሊነፈገው አይገባም። አሠሪውም ሹፌሩ «ነዳጅ ይሸተኛል» ብሎ ከመንገድ ሲደውልለት የመጀመሪያው ቃሉ «ጭነቱ ይዘገያል» ሳይሆን «ሞተሩን አጥፋና ራቅ በል» መሆን አለበት።

ምርመራው ከአንድ ቀትር በኋላ እስከ ማግሥቱ ጧት ያለውን ጊዜ ይወስዳል። ነጋዴ ጊዜ ገንዘብ መሆኑን ስለሚያውቅ ይህ ይከብደው ይሆናል። ሆኖም ከጋራዥ በወጣበት ሰዓት የተጫነ መኪና ያተረፈው አንድ ሌሊት ሲሆን፥ በመንገድ ላይ የነደደ መኪና የሚያስከፍለው የብዙ ዓመት ድካም ነው። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፥ ፍሳሹ ገና በጋራዡ ደጃፍ ሳለና ጠብታው በካርቶን ላይ ሳለ ማየት ይሻላል። መኪናው ደረቅ ሆኖ ካደረ በማግሥቱ ያለ ሥጋት ይጫን።